«ሁሉን ጨምሮ ስንት ነው?» የጾመኛ መንገደኛ የሆቴል ሒሳብ

ባለፈው ረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት እንደገቡ ጎባ የሚኖረው አጎቴ ታሞ ሆስፒታል መግባቱን ሰማን። እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሻሸመኔን፣ ዶዶላን፣ አዳባንና ዲንሾን አልፈን ሮቤ የገባነው መግሪብ ሊደርስ ሲል ነበር።

ባሌ ውስጥ ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር እንደ ነውር ይቆጠራል። የአጎቴ ቤት ግን ከየቦታው በመጣ ጠያቂ ሞልቷል። እናቴን ደግሞ ጉልበቷን ስለሚያማት መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ መተኛት አትችልም። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት በስልክ ሁለት ክፍል ያዝን። የተነገረን ዋጋ ለአንድ ክፍል በአዳር 1,800 ብር፣ «ቁርስን ጨምሮ» የሚል ነበር። ለሦስት ሌሊት 10,800 ብር ይሆናል ብዬ አሰላሁ። ከያዝኩት ገንዘብ የሚተርፈውን ለአጎቴ ልጆች የዒድ ልብስ መግዣ ብዬ ለብቻው አስቀመጥኩት።

በምንወጣበት ጠዋት የቀረበልኝ ሒሳብ 13,662 ብር ነበር።

የተሳሳተ መስሎኝ ጠየቅኩ። እንግዳ ተቀባይዋ በትሕትና አስረዳችኝ፤ የተነገረኝ ዋጋ የአገልግሎት ክፍያና ቫት ያልተጨመረበት ነው፣ «ሁሉም ሆቴል እንዲህ ነው» አለችኝ። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ዋጋውን ያወጣችውም እሷ አይደለችም። ነገር ግን የ2,862 ብር ልዩነት ከየት እንደሚመጣ በስልኩ ጊዜ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሻንጣችን መኪና ላይ ተጭኗል፣ እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከፈልኩ። የዒዱ ልብስ ገንዘብ እዚያው ቀረ።

የሆቴሉን ስም መጥቀስ አልፈልግም፤ ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለምና። ይህን የምጽፈው በዚህ ወር ለዘመድ ጥየቃ፣ ለዒድ ወይም ለዑምራ የሚጓዝ ቤተሰብ ሁሉ ሊገጥመው የሚችል ነገር ስለሆነ ነው።

26 ከመቶ ተኩል ከየት መጣ?

ሒሳቡን እንዘርዝረው። የክፍሉ ዋጋ 10,800 ብር ነው። በብዙ ሆቴሎች እንደተለመደው በላዩ ላይ 10 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ሰዉ «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚለው ይጨመራል፤ ይህ 1,080 ብር ነው። ድምሩ 11,880 ብር ይሆናል። ከዚያ በዚህ ድምር ላይ 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰላል፤ 1,782 ብር። ጠቅላላው 13,662 ብር።

ብዙ ሰው አሥርና አሥራ አምስትን ደምሮ «25 ከመቶ ነው» ይላል። ታክሱ በአገልግሎት ክፍያውም ላይ ስለሚሰላ ግን እውነተኛው ጭማሪ 26 ከመቶ ተኩል ነው። በትልልቅ ሆቴሎች የዋጋ ዝርዝር ላይ ከቁጥሩ ጎን ሁለት የመደመር ምልክት የሚታየው ለዚሁ ነው። አንዱ ምልክት ታክሱን፣ ሌላው የአገልግሎት ክፍያውን ያመለክታል። ለሥራ የሚጓዝ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል። በስልክ ወይም በቴሌግራም ዋጋ የሚጠይቅ የቤተሰብ ኃላፊ ግን ምልክቱን አያየውም፤ ቢያየውም ትርጉሙን ላያውቀው ይችላል።

ሁለቱ ጭማሪዎች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውንም ማወቅ ይጠቅማል። የተጨማሪ እሴት ታክስ የመንግሥት ነው። በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አዋጅ 285/1994 በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ 1341/2016 ተተክቷል። ሆቴሉ ታክሱን ከእንግዳው ተቀብሎ ለገቢዎች ያስተላልፋል። ታክሱን መሰብሰብ የሚችለው ግን ለዚሁ የተመዘገበ ድርጅት ብቻ ነው። ዓመታዊ ሽያጫቸው ሕጉ ካስቀመጠው መጠን በታች የሆነና ያልተመዘገቡ አነስተኛ አልጋ ቤቶች «ቫት» ብለው ሊያስከፍሉ አይችሉም። ታክስ ከተጠየቃችሁ ደረሰኙ ላይ የድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የታክሱ መጠን ለብቻው ተጽፎ ማየት ይገባችኋል።

የአገልግሎት ክፍያው ደግሞ ግብር አይደለም። ከእንግዳ ተሰብስቦ ለሠራተኛው እንዲከፋፈል የታሰበ ገንዘብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ከደንበኛ የሚሰበሰብን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ ለይቶ ያስቀምጠዋል። አልጋ የምታነጥፈው፣ ሻንጣ የሚሸከመው፣ ሌሊት በር የሚጠብቀው ሰው ትንሽ ደመወዙን የሚደጉመው በዚህ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ «የአገልግሎት ክፍያ ይቅር» አይልም። ቀድሞ ይነገር ነው የሚለው።

የማንበላው ቁርስ

በረመዳን ሌላም ነገር አለ፤ በሒሳቡ ወረቀት ላይ የማይታይ ክፍያ።

የክፍሉ ዋጋ «ቁርስን ጨምሮ» ነበር። ቁርስ የሚቀርበው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። እኛ በዚያ ሰዓት ፈጅር ሰግደን፣ ቁርኣን ቀርተን፣ ጾማችንን ይዘናል። ቁርሱን የበሉት ልጆቹ ብቻ ናቸው። ሦስት አዋቂዎች ለሦስት ቀን የከፈልንበት ዘጠኝ ቁርስ እዚያው ቀረ። በቁርሱ ፋንታ ሱሁር ይዘጋጅልን ብለን ጠይቀን ነበር፤ ወጥ ቤቱ ሌሊት እንደማይሠራ ተነገረን። ሱሁራችን ከውጭ የገዛነው ቴምርና ዳቦ፣ ከማታ ጀምሮ በፔርሙዝ የቆየ ሻይ ሆነ። በጎባ ብርድ ለታመመ ጉልበት ይህ በቂ አልነበረም፤ እናቴ ግን አንድም ቀን አላማረረችም።

ይህ የክፋት ሥራ አይደለም፤ ያለማሰብ ነው። ባሌ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም የሆነበት አገር ነው። በረመዳን ወደ ሮቤና ጎባ ከሚመጣው እንግዳ ብዙው ጾመኛ ነው። ለጾመኛ «ቁርስን ጨምሮ» ማለት የማይጠቀምበትን ነገር አስገድዶ መሸጥ ነው። መፍትሔውም ውድ አይደለም። ከማታው ምግብ የሚቀመጥ ሾርባ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ በማሞቂያ ዕቃ የሚቆይ ውኃና ሻይ ማለት ነው። ይህ የማይቻል ከሆነም የቁርሱን ዋጋ ከክፍሉ ላይ መቀነስ ይቻላል። በሌሎች ከተሞች ይህን የሚያደርጉ ቤቶች አሉ፤ ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። ችግሩ ብዙዎቻችን አለመጠየቃችን ነው።

ሕጉ ከማን ጋር ነው?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በዚህ ጉዳይ ግልጽ መነሻ ይሰጣል። ማንኛውም ነጋዴ የዕቃውንም የአገልግሎቱንም ዋጋ በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። ለተሸጠው ነገር ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። አሳሳች ማስታወቂያም የተከለከለ ነው።

እንግዳ ተቀባዩ ጠረጴዛ በስተጀርባ የተለጠፈውን የዋጋ ሰሌዳ አንብቡ። ሰሌዳው ከሌለ፣ ወይም በስልክ የተነገራችሁ ዋጋና ሰሌዳው ላይ ያለው ከተለያየ፣ ጉዳዩን መጀመሪያ ለሥራ አስኪያጁ አቅርቡ። በዚያ ካልተፈታ በየከተማውና በየወረዳው ያለው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ይቀበላል። ታክስ ተጠይቆ ደረሰኝ ካልተሰጠ ደግሞ ጉዳዩ የገቢዎች ነው። ለአቤቱታ ማስረጃ ያስፈልጋል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጻፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚሉት፣ ዋጋውን በስልክ ከሰማችሁ በኋላ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። በቴሌብር ቀብድ ከላካችሁም የምን ቀብድ እንደሆነ ምክንያቱ ላይ ጻፉ።

እርጥቡ እህል

ለእኛ ግን ነገሩ በሕግ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ ምእመናን ገንዘባቸውን በመካከላቸው በከንቱ እንዳይበሉ ከልክሎ፣ በመዋደድ የሚደረግን ንግድ ፈቅዷል። መዋደድ ማለት ሁለቱም ወገን የሚስማሙበትን ነገር ማወቃቸው ነው። በ10,800 ብር የተስማማ ሰው በ13,662 ብር ተስማምቷል ማለት አይቻልም።

በሙስሊም ሶሒሕ ውስጥ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት አንድ ሐዲስ ይታወቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የተቆለለ እህል አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ጣታቸው እርጥበት ነካው። ባለ እህሉን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብር ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ።

ይህን ሐዲስ ለሮቤ ስንዴ ነጋዴ ማብራራት አያስፈልግም። ጆንያ ሲገዛ ከላይ ያለውን አይቶ ብቻ አይከፍልም፤ እጁን ወደ ውስጥ ከትቶ ይዘግናል። እርጥብ እህል መሸጥ በራሱ ሐራም አለመሆኑንም ልብ ይሏል። ጥፋቱ እርጥቡን ከደረቁ በታች መደበቁ ነው። የአገልግሎት ክፍያና ታክስም እንዲሁ ናቸው። መጠየቃቸው ጥፋት አይደለም፤ ከሥር መደበቃቸው ግን ጥፋት ነው።

ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ገዢና ሻጭ እውነት ተናግረው ግልጽ ከሆኑ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁና ከዋሹ ደግሞ በረካው እንደሚጠፋ ተነግሯል። ረመዳንን ሙሉ በረካ የምንለምን ሰዎች ስንሆን በረካው የሚጠፋበትን በር ክፍት መተው የለብንም።

መንገደኛን የሚያውቅ አገር

ባሌ እንግዳን መቀበል የሚማር አገር አይደለም። ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን በእግራቸው የሚጓዙት ጋሪባዎች፣ ባላ ያለው በትራቸውን ይዘው፣ ለዘመናት በየመንደሩ እየተቀበሏቸው፣ እየበሉና እያደሩ ተጉዘዋል። ያን ጊዜ እንግዳ ማሳደር ሒሳብ የሚጠየቅበት ነገር አልነበረም። በቁርኣንም ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መንገደኛው ነው፤ ኢብኑ ሰቢል። ከአገሩ ርቆ የተቸገረ ሰው በእስልምና መብት ያለው ሰው ነው።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል፤ ሆቴል ንግድ ነው፣ ባለሆቴልም ማትረፍ አለበት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ በዓለም ተሰምቷል። ሳነቴን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ ሐረና ጫካን፣ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ማደሪያ ይፈልጋል። ይህ እንግዳ ስለ አገሩ የሚያወራው ስለ ተራራው ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚነግረው ስለ ሒሳቡ ነው።

የባለሆቴሉም ወገን ይሰማ

ባለሆቴሎች የሚያነሱት ምክንያት መናቅ የለበትም። አንዱ ሁሉን ጨምሮ 2,277 ብር ብሎ ሲለጥፍ ጎረቤቱ 1,800 ብር ብሎ ከለጠፈ፣ ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚከፍለው እኩል ቢሆንም ሐቀኛው ነው የሚከስረው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይበላል፤ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል። ስለዚህ ዝቅተኛውን ቁጥር ማስታወቅ ልማድ ሆነ።

ልክ በዚህ ምክንያት ነው ጉዳዩ ለአንድ ሐቀኛ ባለሆቴል ብቻ መተው የሌለበት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልተስተካከሉ ቀዳሚው ይጎዳል። በሌላው ዓለምም የታየው ይኸው ነው። በአሜሪካ ሆቴሎች «የሪዞርት ክፍያ» እያሉ ከክፍሉ ዋጋ ውጭ በየሌሊቱ የሚያስከፍሉት ገንዘብ ለዓመታት ካወዛገበ በኋላ፣ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደንብ አወጣ። ደንቡ ከግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ማደሪያ የሚያስተዋውቅ ሁሉ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ደምሮ ጠቅላላውን ዋጋ ከፊት እንዲያሳይ ያዛል። ብሪታንያም ከጥቂት ሳምንታት ቀደም ብላ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ተመሳሳይ ክልከላ ጀምራለች። ሁለቱም ደንቦች ክፍያውን አልከለከሉም፤ ሕጉ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ግን እውነቱን በመናገሩ የሚከስር የለም።

በሮቤም በጎባም ባለሆቴሎች ተሰብስበው በአንድ ቃል «የምንለጥፈው ዋጋ ሁሉን ያካተተ ነው» ቢሉ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ረመዳን ለዚህ ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ለዑምራ የሚሄዱትም

ይህ ሒሳብ ከአገር ሲወጡም ይከተላል። በሳዑዲ ዓረቢያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከሐምሌ 2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ 15 ከመቶ ነው። በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት በመካ የክፍል ዋጋ በጣም ይወደዳል። በኢንተርኔት ማስያዣ ገጾች ላይ የመጀመሪያው ቁጥር በትልቁ፣ ታክሱና ሌላው ክፍያ ከሥሩ በትንሽ ፊደል የሚጻፍበት ጊዜ አለ። በጉዞ ወኪል በኩል የምትሄዱ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ሆቴሉ ከሐረም በእግር ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ሱሁርና ኢፍጣር በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ከዚያ ጉዞ በኋላ ቤተሰባችን ስልክ ሲደውል የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤

አንደኛ፣ ታክስና የአገልግሎት ክፍያን ጨምሮ አንድ ሌሊት ስንት ነው? «ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «ሁሉን ጨምሮ» የሚለው ቃል ይግባበት።

ሁለተኛ፣ ዋጋው ለክፍሉ ነው ወይስ ለሰው? ለልጆች ተጨማሪ ፍራሽ ቢያስፈልግ ይከፈልበታል?

ሦስተኛ፣ ጾመኞች ነን፤ ቁርሱ በሱሁር ይለወጣል? ካልተለወጠ ከዋጋው ይቀነሳል? ሌሊት ሙቅ ውኃ ማግኘት እንችላለን?

አራተኛ፣ በዒድ ዋዜማና በዒድ ዕለት ዋጋው ይለወጣል?

አምስተኛ፣ ብንቀር ቀብዱ ይመለሳል?

ሲደርሱ ደግሞ ሻንጣ ከማውረድ በፊት ጠቅላላውን ዋጋ አንድ ጊዜ እንደገና አረጋግጡ። ሻንጣው ከወረደ፣ ልጆቹም ከተኙ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። ሲወጡ ደረሰኙን ተቀበሉና እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። ከሠራተኞቹ ጋር ግን አትጋጩ፤ ጾመኛ ምላሱንም ይጾማል።

አንገቱ ላይ ያደርናት ሌሊት

ከጎባ ወጥተን በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አልተመለስንም። እናቴ አንገቱ ያለች የልጅነት ጓደኛዋን ሳታይ አልመለስም አለች። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴን ሜዳ በጉም ውስጥ አቋረጥን፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ሲወርድ ብርዱ ቀርቶ የቡናና የማር አገር ሙቀት ተቀበለን።

ጓደኛዋ ቤት ቦታ ስላልነበረ እኔና ልጆቹ ያደርነው በአንድ ትንሽ አልጋ ቤት ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ከውጭ ነው፣ ከጎባው ሆቴል ጋር የሚወዳደር ነገር የለውም። ባለቤቷ ገና በሩ ላይ ሳለን ዋጋውን ነገረችኝ፤ በዚያው ላይ «ሌላ የሚጨመር የለም። ለሱሁር ሻይና ገንፎ አለ፣ እሱም እዚያው ውስጥ ነው» አለችኝ።

ከፈጅር በፊት በሩ ተንኳኳ። ገንፎው በቅቤ ነበር፣ ሻይውም ትኩስ። ጠዋት የከፈልኩት ማታ የነገረችኝን ነው፤ አንድ ብር አልጨመረችም፣ አንድ ብርም አልጎደለብኝ። ታክስ የማትሰበስብ ትንሽ ቤት ስለሆነች ሒሳቧ ቀላል ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። በር ላይ ሁሉን መናገር ግን ከትልቁም ሆቴል አቅም በላይ አይደለም።

እናቴ ይህን ስነግራት፣ ለዚያች ሴት ዱዓ አደረገችላት። ለጎባው ሆቴልም አደረገች፤ «አላህ ያስተካክለው» ብላ። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የትም ስደውል የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ሁሉን ጨምሮ ስንት ነው?

ረመዳን ሙባረክ።